የሽመክት ቢጫ ጀሪካኖች

ሽመክት በሕይወቱ ከልቡ የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፤ ባሕር ውስጥ ምልክት የተደረገበትን ነገር ማንም አይነካውም። ይህን ያስተማረው ምጽዋ ላይ የነበረው የባሕር ኃይል ነው። ወጣት ጠላቂ ሳለ ሥራው የባሕር ፈንጂ መፈለግ ነበር። ፈንጂ ሲያገኝ አጠገቡ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ከድንጋዩ ገመድ ያስራል፣ ከገመዱ ጫፍ ቢጫ ተንሳፋፊ ያንጠለጥላል። ከዚያ በኋላ ያንን ቢጫ ነገር ያየ መርከብ ሁሉ በሩቁ ዞሮ ይሄዳል። እስቲ ልሞክረው ብሎ የተጠጋ አንድም አልነበረም። ሽመክት አሥራ አንድ ፈንጂዎች ላይ ምልክት አድርጓል፤ ከአሥራ አንዱ አንዱም ሰው አልገደለም። ከዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመን ይዞት የወጣው ኩራት ይኸው ብቻ ነበር።

ሌላውን ሁሉ ውሃ በልቶታል። መንግሥት ሲወድቅ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት አሮጌ የጥበቃ ጀልባ ታጭቆ ጅቡቲ ገባ። የጠላቂነት ምስክር ወረቀቱ፣ የማዕረግ ደብተሩ፣ ባለፎቶ መታወቂያው ከኋላው ቀሩ። ከጓደኞቹ አንዳንዱ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፣ አንዳንዱ ወደ የመን ተሻገረ፣ ሽመክት ግን የትም አልሄደም። አገሩ ባሕር አልቀራትም፤ ባሕር የሌላት አገር ጠላቂን ምን ልታደርገው? ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራየ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ እያበሰለች የምትሸጠውን ስርጉትን አገባ፣ ፀዲን ወለዱ። ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ «ጠላቂ ነኝ» ይላል፤ «ወረቀትህስ?» ይሉታል። ወረቀት የለውም፤ እንግዲያው ጠላቂ አይደለም ማለት ነው። ይህ ነገር አንጀቱን ያቃጥለው ነበር። ስሙን ከነሙያው፣ ሽመክት ባንቲሁን ጠላቂ ተብሎ፣ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳያይ መሞት አልፈለገም። ስርጉት ስትቀልድበት «የአንተ ነገር፣ ሰው ቤት ይመኛል፣ መኪና ይመኛል፣ አንተ ወረቀት!» ትለዋለች።

በዘጠና ስምንት በፈረንጆቹ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ሲገጥሙ፣ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መርከብ ወረፋ ይጠብቅ ጀመር። ቆሞ የሚጠብቅ መርከብ ሆዱ ላይ ቅርፊት ያበቅላል፣ ቅርፊቱን የሚፍቅለት ሰው ደግሞ ያስፈልገዋል። ለመፋቅ ወረቀት አይጠየቅም። ሽመክት የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ፣ መፋቂያ ብረት ይዞ፣ በመርከብ ሆድ ሥር እየተንሳፈፈ መፍቅ ጀመረ። ፈንጂ ሲፈልግ የኖረ ሰው ቅርፊት ፋቂ ሆነ፤ እሱም ቢሆን እንጀራ ነው።

ሻርኩን ያየው በሁለት ሺህ ዓመት ነው። ሙጠሊብ የሚባል ጀልባ ነጂ ወዳጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት ደሴቶች በአንዱ አጠገብ መልሕቁ ድንጋይ ውስጥ ተሰንቅሮ አልወጣ ስላለው «ግባልኝ» አለው። ገባ። መልሕቁን ነቅሎ ዞር ሲል፣ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ግርጌ፣ ነጭ አሸዋ ላይ፣ ከእሱ ቁመት የሚረዝም ሻርክ ተጋድሟል። ገላው ቢጫ ቀላቅሎ ቡኒ፣ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ። ጅራቱ ብቻውን ከቀሪው ገላው እኩል ይሆናል። ሻርክ ካልዋኘ አየር አጥቶ ይሞታል ተብሎ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነውና፣ ይህኛው ሞቷል ብሎ ደመደመ። ጠጋ ብሎ ሲያየው ግን በሁለቱ የደረት ክንፎቹ ደገፍ ብሎ፣ አፉን ውሃው ወደሚመጣበት ከፍቶ፣ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ተኝቷል! ሽመክት እጁን ዘርግቶ ጅራቱን ነካው። ሻርኩ እንቅልፉን እንዳቋረጡበት ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጥቂት ሄደ፣ እንደገና ተኛ። ሽመክት ውሃ ውስጥ ሳቀና የአየር ማስገቢያው ከአፉ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የሌለበትን አርብ ጠዋት ለዚያ አሸዋ ሰጠው። ሙጠሊብ ለወዳጅነት ሲል ያደርሰዋል፤ ዋጋውም ስርጉት የምትቋጥርላቸው ምሳ ነው።

በሁለት ሺህ ስድስት ማቲልድ የምትባል ፈረንሳዊት የባሕር ተመራማሪ ሄሮን በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ዳርቻ ቢሮ ከፍታ፣ ሻርክ የሚተኛበትን የሚያውቅ ሰው ፈለገች። ዓሣ አጥማጆቹ «እብዱ ኢትዮጵያዊ አለልሽ» ብለው ወደ ሽመክት መሯት። ሽመክት ያየውን ሁሉ በደብተር ጽፎ ኖሮ ይዞላት ሄደ። በሰባራ ፈረንሳይኛው ገለጠላት፤ ነጠብጣቡ ሻርክ አሥራ ሁለት፣ ባለመስመሩ ሻርክ አራት። ባለመስመሩ ትንሽ ነው፣ ክንድ ያህል፣ ጥቁር ገላው ላይ ነጫጭ መስመር አለው። ነጠብጣቡ እንዳይበላው ብሎ ለብቻው ዓምድ ሠርቶለታል።

ማቲልድ ደብተሩን እያየች ከት ብላ ሳቀች። «መሲዮ ሽመክት፣ ልጆቻቸው እኮ ናቸው! ፈረንጆች በሜዳ አህያ ስም የሚጠሩት ለዚህ ነው። ሲወለድ ባለመስመር ነው፣ ሲያድግ መስመሩ እየተቆራረጠ ነጠብጣብ ይሆናል።»

ሽመክት ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅን ከእናቱ ለይቶ ሲቆጥር መኖሩ አሳፈረው። ሴትዮዋ ግን አላፈረችበትም፤ ቀጠረችው። ከእሷ ብዙ ተማረ። ይህ ፍጥረት ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነሳል። ሰው አይነካም። ገላው ስለሚተጣጠፍ በኮራል ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ በአፍንጫው አጠገብ በተንጠለጠሉት ሁለት አጫጭር ጢሞች እየዳሰሰ፣ በትንሿ አፉ ቀንድ አውጣና ሸርጣን እየመጠጠ ያወጣል። ሴቷ የምትጥለው እንቁላል መዳፍ የሚሞላ፣ ጠንካራና ጥቁር ቡኒ ነው። ከጎኑ ፀጉር የመሰለ ክር አለው፤ በዚያ ክር ድንጋይም ሆነ ኮራል ያገኘው ላይ ይታሰርና ሕፃኑ እስኪፈለፈል ወራት ይቆያል። ልጆቹ አይበዙም፣ ለማደግም አይቸኩሉም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተመናመኑ አይተኩም አለችው።

ሽመክት ይህን ሲሰማ እንደ ድሮው ፈንጂ ጠላቂ አሰበ። መልሕቅ የሚጥል ጀልባ እንቁላሉን ያደቀዋል፤ መረብ የሚጎትተውም የተኛውን ይጠርገዋል። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ምልክት ማድረግ። ስርጉት ዘይት የጨረሰችባቸውን ቢጫ ጀሪካኖች ሰበሰበ። እናቶቹ በሚተኙበት፣ እንቁላል በታሰረበት ሁሉ ድንጋይ እያስቀመጠ ገመድ ሰደደ፤ ላይ ጀሪካን አንሳፈፈ። የዓሣ ማውረጃው ዳርቻ እየዞረም ለአጥማጁ ሁሉ «ቢጫ ጀሪካን ባያችሁበት መልሕቅም መረብም አትጣሉ» ብሎ ነገረ። ሳቁበት። ማቲልድ ግን ወደደችለት። የፕሮጀክቱ ዘመን አልቆ ወደ አገሯ ስትሄድ «ቆጠራውን አታቋርጥ። ተመልሼ መጽሐፍ እናወጣለን፤ ስምህ ጠላቂ ተብሎ ይገባበታል» አለችው። ሽመክት ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ በደስታ የሚሆነውን አጥቶ ነበር።

እሷ ሄደች፤ እሱ ቆጠረ። አንድ አርብ ሳያጓድል፣ የሰኔ ነፋስ አሸዋ እያዘነበ ዓይን ሲያሳውር ሳይቀር ቆጠረ። ሃያ ሦስት ደረሱ። እያንዳንዳቸውን በነጠብጣባቸው ለይቶ የባሕር ኃይል ማዕረግ ሰጣቸው። ከሁሉ ትልቋ፣ ከጉሮሮዋ አጠገብ የገመድ ጠባሳ ያለባት እናት፣ ኮማንደር ተባለች። ኮማንደር ከእሱ ጋር ስለተላመደች አጠገቧ ቢጋደም እንኳ አትነሳም ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ገደማ የዓሣ አጥማጆቹ ጠባይ ተለወጠ። ይሳለቁበት የነበሩት «ካፒቴን» ይሉት ጀመር። ሲያልፍ ወንበር ይለቁለታል፣ ከጫታቸው ያካፍሉታል፣ አንዳንዴም ያማረ ዓሣ በላስቲክ ጠቅልለው ያስይዙታል። ሽመክት ዓሣውን ይዞ እቤቱ ገባ። «አየሽ» አላት ስርጉትን፣ «የማታ ማታ ገባቸው። ሥራዬን አከበሩልኝ።»

ስርጉት ዓሣውን እያጠበች «እኔ እንጃ» አለች። «በነፃ የመጣ ዓሣ አይጥመኝም።»

ቁጥሩ ግን ይቀንስ ጀመር። ሃያ ሦስቱ አሥራ አምስት ሆኑ፣ ቀጥለው ዘጠኝ። ሽመክት ውሃው ስለሞቀ ወደ ጥልቁ ወርደው ይሆናል አለ። ወይም ደግሞ ምልክቱ አንሶ ይሆናል። ስለዚህ ተጨማሪ ጀሪካን አሰረ። የቀሩት ዘጠኙ የሚተኙበትን አንድ በአንድ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ጀሪካን ሰጠው። ስርጉት ዘይት የምትቀዳበት አጥታ ከጎረቤት እስክትለምን ድረስ።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከመርከብ ፍቆ ሲመለስ በዓሣ ማውረጃው በኩል አለፈ። ሲሚንቶው ላይ ክንፍና ጅራት የሌለው የሻርክ ግንድ ተጥሏል። ክንፉ ለሩቅ ምሥራቅ ነጋዴ ይሄዳል፣ ሥጋውን ማንም አይፈልገውም። ሽመክት ነጠብጣቡን አየ። ጎንበስ ብሎ ጉሮሮው አጠገብ ያለውን የገመድ ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰ። እዚያው የዓሣ ደም ላይ ቁጭ አለ።

አጥማጆቹ ግራ ገባቸው። አንዱ ደግሞ በቅንነት «ካፒቴን፣ ይቺ እንኳ ትልቅ ናት!» አለው።

ሽመክት ተነስቶ በቀጥታ ሙጠሊብ ጋ ሄደ። ሙጠሊብ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሞተር ይፈታል። ሽመክት ኮሌታውን ይዞ አነሳው። «ቦታውን የምናውቅ ሁለት ነን። እኔ አልተናገርኩም።»

«ወላሂ እኔም አልተናገርኩም!» አለ ሙጠሊብ። «ምን መናገር ያስፈልጋል? ቢጫ ጀሪካን ባለበት መረብ ጣል፣ ባዶ አይወጣም፤ የሚባለው ይኸው ነው። ከማዶ የሚመጡት ሳይቀሩ ያውቁታል። ሲመሽ ይጥላሉ፣ ሳይነጋ ያነሳሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«ሦስት ዓመት! አንተ እያየህ? በየአርቡ እያደረስከኝ?»

ሙጠሊብ ተገርሞ አየው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አንተ ያለህበት መስሎኝ ነዋ፣ ወንድሜ። ሁሉም የሚያወራው እንደዚያ ነው። ሻርኩን ፈልጎ የሚያመለክት አንተ፣ የሚያጠምድ እነሱ፤ ክንፉን ከሚገዛው ሰውዬ ድርሻህን የምትወስድ መስሏቸው ነው። ጫቱን፣ ዓሣውን በምን ምክንያት የሚሰጡህ መሰለህ? እኔም የእኔን ድርሻ መቼ ይነግረኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።»

ሽመክት ኮሌታውን ለቀቀ። ሙጠሊብን ሊመታው ነበር የመጣው፤ ሆኖም ሙጠሊብ ምን አደረገ? አጥማጆቹስ ምን አደረጉ? ባሕሩ ላይ ጀሪካን ያሰረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ምጽዋ ላይ መርከቦቹ ከቢጫው የሸሹት ከሥሩ ፈንጂ ስለነበረ ነው። ከሥሩ ሀብት ያለበትን ቢጫ ማን ይሸሻል? ይህን ለመረዳት ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሱ ግን አላወቀውም። አሥራ አንድ ፈንጂዎች ያስተማሩትን ይዞ፣ ሃያ ሦስት ፍጥረት በገዛ እጁ አንድ በአንድ አመልክቶ አስፈጀ። ከዚያም አልፎ የተመረቀለትን ዓሣ ቤቱ ወስዶ፣ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በላው።

አርብ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በማግስቱ ረቡዕ ባሕር ወረደ። ሙጠሊብ ሳይጠየቅ ጀልባውን አስነሳ፤ ስለ ምሳም አላነሳም። ሽመክት እየጠለቀ ገመዱን ከድንጋዩ እየቆረጠ፣ ጀሪካኑን ጀልባው ላይ ወረወረ። ከሥር አሸዋው ባዶ ነበር። የተኛ አንድም የለም። አየሩ እያለቀበት ስለነበር የመጨረሻውን ገመድ ሳያየው ቆርጦ፣ ላይ ወጥቶ ጀልባው ላይ ሆኖ ሳበው።

ገመዱ ከብዶ መጣ። ጫፉ አካባቢ ያ መዳፍ የሚያህለው ጥቁር ቡኒ ነገር በፀጉሩ ክር ተጠምጥሞበታል። እናትየው ድንጋይ አልመረጠችም፣ ኮራል አልመረጠችም፤ የእሱን ገመድ መርጣ እንቁላሏን አስራለች። ሽመክት በእጁ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳው። ውስጡ አንድ ነገር ተንፈራገጠ።

«የአላህ ያለህ!» አለ ሙጠሊብ።

ሽመክት እንባው እየወረደ ሸሚዙን አውልቆ ባሕር ውሃ ነከረ፣ እንቁላሉን ጠቀለለ፣ ሌላ ሲሊንደር ታጠቀ። ቁራጭ ገመዱን ከነእንቁላሉ ይዞ ወረደ። ከድሮው አሸዋ ራቅ ብሎ፣ መረብ የማይገባበት የኮራል ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ አሰረው። ልማድ ሆኖበት እጁ ተንሳፋፊ ፈለገ። ያንን እጁን በሌላው እጁ ያዘው። ምልክት ሳያደርግ ወጣ።

እቤት ሲገባ ስርጉት የጀሪካኖቹን ክምር አየች፣ ፊቱን አየች፣ ጀሪካኖቹን ታጥብ ጀመር። ዓሣ አጥማጆቹ ጀሪካኖቹ ከባሕሩ ሲጠፉ ተከፉበት። «ካፒቴን» ማለቱ ቀረ፤ ሽመክትም በዚያ ዳርቻ ማለፉን ተወ።

በዓመቱ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ወደ ስንጥቋ ወረደ። እንቁላሉ ተሰንጥቆ ባዶ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በኮራሉ ጥላ ሥር፣ አንዲት ልጅ እግር ሻርክ አሸዋ ላይ ተኝታለች። መስመሯ መቆራረጥ ጀምሯል፤ ግማሽ ገላዋ መስመር፣ ግማሽ ገላዋ ነጠብጣብ። ማዕረግ አልሰጣትም። ደብተሩም ላይ አልጻፋትም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት መጀመሪያ ማቲልድ ተመለሰች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሄሮን ዳርቻ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠው ደብተሩን ስታገላብጥ ዓይኗ ቀላ። በዓለም ዙሪያም ይኸው እየሆነ ነው፣ ይህ ሻርክ ባለፈው ዓመት ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል አለችው። ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «መሲዮ ሽመክት፣ አንዲት እንኳ ብትኖር ቦታው እንዲከለል መጠየቅ እችላለሁ። አንዲት ሴት በቂ ናት። ሩቅ አገር መስተዋት ገንዳ ውስጥ ለዓመታት ያለ ወንድ የኖረች ሴት ሻርክ ልጆች አስፈልፍላለች። አንዲት አለች?»

ሽመክት ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ። «ካለችስ ምን ይደረጋል?»

«ቦታዋ ካርታ ላይ ይወጣል።»

«ካርታውን ማን ያየዋል?»

«ሁሉም!» አለች ደስ ብሏት። «ሁሉም ካላወቀው እንዴት ይጠበቃል?»

ሽመክት የሴትዮዋን ፊት አየ። ቅን ሴት ናት። እሱም ቅን ነበር። የቡናውን ስኒ አዙሮ አዙሮ፣ «የለችም፣ ማዳም» አለ። «አንድም የለም።»

መጽሐፏ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በፖስታ መጣ። ፀዲ አድጋ ባንክ ትሠራለች፤ ፈረንሳይኛውን እሷ ናት የምታነብለት። ስሙ ያለበትን ገጽ አገኘችና ጮክ ብላ ወደ አማርኛ መለሰችው። «በሃያ ዓመት ልምድ ባላቸው ጠላቂ በሽመክት ባንቲሁን ምስክርነት መሠረት፣ ይህ ዝርያ ከዚህ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ስለዚህ የሚከለል ቦታ አልቀረም።»

ስርጉት የመጨረሻውን አልሰማችም። «ጠላቂ!» አለችና እልል አለች። «ወጣልህ! ስምህ ወጣልህ!»

«ጠላቂ ነው የሚለው?» አለ ሽመክት።

«አዎ አባዬ፣ ጠላቂ ይላል። ስምህም ከነአባትህ ሳይሳሳት ገብቷል።» ፀዲ መጽሐፉን ዘጋችና አየችው። «ግን እውነት አንድም አልቀረም?»

ሽመክት ስንጥቋን አሰበ። ለልጁ መንገር ፈለገ፤ ከፈለገው ነገር ሁሉ ይህን አብልጦ ፈለገ። ፀዲ ለጓደኛዋ ታወራለች፣ ጓደኛዋ ለወንድሟ። ወንድሟ ጀልባ ይኖረው ይሆናል።

«ተጽፏል አይደል?» አላት።

ስርጉት ገጹን ማዕከላዊ ገበያ ወስዳ በመስተዋት አስገጥማ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስሙን በጣቷ እያሳየች «ጠላቂ ይላል» ትላለች። ሽመክት ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱን ወደዚያ ግድግዳ አድርጎ በልቶ አያውቅም።